በአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር የአይቲ መኮንን እንዴት መሆን ይቻላል?

ይህን መንገድ ያሰቡ ወጣቶች ቀድመው የሚጠይቁኝ የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ ብለው ነው። ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለው የኮምፒውተር ደህንነት ሰርተፍኬት ቢኖራችሁ ጥሩ ነው፣ ይጠቅማል። ከእኛ ልጆች ብዙውን ሰው ወደኋላ የሚያስቀረው ግን ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንደኛ፦ ዜግነት

መኮንን ለመሆን የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን በተራ ወታደርነት መግባት ይችላል። ውሉ በጠቅላላው የ8 ዓመት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6ቱ በየወሩ ከሚሰበሰብ ክፍል ጋር ያልፋሉ፣ በቀሪዎቹ 2 ዓመታት ስማችሁ መዝገብ ላይ ብቻ ይቆያል። 1 ዓመት በክብር ያገለገለ ሰው በወታደርነቱ ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ የማመልከቻ ክፍያም አይጠየቅም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድ ግን አትርሱ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የአሜሪካን ስትወስዱ የኢትዮጵያው ይቀራል። ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩበት።

ሁለተኛ፦ ዲግሪና ፈተና

የ4 ዓመት ዲግሪ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም መቀሌ የተማራችሁ ትራንስክሪፕታችሁን እውቅና ባለው ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሙ። ከታች በምጠቅሰው የእጩ መኮንኖች ኮርስ ለመግባት፣ አስቫብ በሚባለው የጦሩ መግቢያ ፈተና ጂቲ የተሰኘው ውጤት ቢያንስ 110 መሆን አለበት። ጂቲ የሚሰላው ከቃላት፣ ከንባብና ከሂሳብ ጥያቄዎች ነው። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሂሳቡን ይወጣዋል፤ የዝግጅት ጊዜያችሁን ለእንግሊዝኛ ቃላት ስጡት። የዕድሜ ገደብም ስላለና በየጊዜው ስለሚለወጥ ሪክሩተሩን (የጦሩን መልማይ) ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት።

ሦስተኛ፦ በየትኛው በር?

ኮሌጅ ላይ ያለ ሰው በአርኦቲሲ፣ ማለትም ከትምህርቱ ጎን ለጎን በሚሰጠው የመኮንንነት ሥልጠና፣ ቢገባ ይሻለዋል። ዲግሪውን የጨረሰ ደግሞ ጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ በሚሰጠው የ12 ሳምንት የእጩ መኮንኖች ኮርስ ያልፋል። በሙያ ልምድ ቀጥታ ሹመት የሚገኝበት በርም አለ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. አራት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሰዎች በአንድ ጊዜ የተጠባባቂ ጦር ሌተና ኮሎኔል ሆነው ሲሾሙ ብዙ ሰው ጓጉቶ ነበር። እናንተ ግን ከምክትል መቶ አለቃነት እንደምትጀምሩ አስቡ።

እዚህ ላይ ራሳችሁን በእውነት ጠይቁ። የአይቲው መኮንን፣ በጦሩ አጠራር የመገናኛ መኮንን፣ ሥራው ሰው መምራት ነው፤ ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ኪቦርዱን የሚነካበት ጊዜ ያንሳል። ሰርቨርና ኔትወርክ ከእጃችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ ዋራንት ኦፊሰርነት (የቴክኒክ ባለሙያ መኮንንነት) ይሻላችኋል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በበታች ሹምነት ልምድ የሚገኝ ነው።

አራተኛ፦ ክሊራንስ

ለምስጢር ፈቃዱ የሚሞላው ቅጽ 86 ይባላል። የ10 ዓመት አድራሻና ሥራ፣ የ7 ዓመት የውጭ ጉዞ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ ቤትና የባንክ ሂሳብ፣ ለውጭ ዜጋ የምትልኩት ገንዘብ ሁሉ ይጠየቃል። ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ብር ይጻፋል። ወንድማችሁ በስማችሁ ያስመዘገበው ኮንዶሚኒየምም ይጻፋል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ እሱንም አትደብቁ።

ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ምሽት ሰነዶቻችሁን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ። ጥር 5 ቀን 1980 የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ጃንዋሪ 14፣ 1988፣ በትምህርት ማስረጃው ደግሞ ጃንዋሪ 5፣ 1988 ሆኖ ይገኛል። በአንዱ ወረቀት የአያት ስም አለ፣ በሌላው የለም። እናታችሁና ባለቤታችሁ በየራሳቸው አባት ስም ስለሚጠሩ፣ መርማሪው ቤተሰቡ ለምን አንድ የቤተሰብ ስም የለውም ብሎ ይጠይቃል። የዘመዶቻችሁ አድራሻም «ቀበሌ 07፣ የቤት ቁጥር አዲስ» ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን እንዳለ ጻፉ፤ ቅጹ ላይ ባለው የማብራሪያ ቦታም ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ኢትዮጵያ ዘመድ መኖሩ ብቻውን አይጥልም። የሚጥለው ተደብቆ የተገኘ ነገር ነው። «ይሄን ባትጽፈው ይሻላል» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሙት።

አምስተኛ፦ ሥልጠናና መሥሪያ ቤታችሁ

የመገናኛ መኮንኖች ትምህርት የሚሰጠው አውጉስታ አጠገብ ባለው ፎርት ጎርደን ነው፤ ወራት ይወስዳል። ቀጣሪያችሁን ፈቃድ መለመን አይጠበቅባችሁም። ዩሴራ የተባለው የ1994ቱ የፌዴራል ሕግ፣ በጠቅላላው እስከ 5 ዓመት ለሚደርስ አገልግሎት ሥራችሁን ይጠብቅላችኋል። ቀድሞ ማሳወቅ ግን የእናንተ ግዴታ ነው። ያሳወቃችሁበትን ኢሜይል አስቀምጡ።

ስድስተኛ፦ ማደግ

አዲስ መቶ አለቃ ኤስ-6 በሚባለው የሻለቃ ጦሩ መገናኛ ክፍል ሊመደብ ይችላል። በዓመቱ የሁለት ሳምንት ልምምድ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ የሳተላይት ዲሹ ይዞራል፤ አዛዡ ደግሞ ከኋላ ቆሞ «መስመሩ መቼ ነው የሚሠራው?» ይላል። ያን ጊዜ ገመዱን ነጥቃችሁ ራሳችሁ ለመሰካት እጃችሁን ይበላችኋል። ተዉት። ሳጅኑ ይሥራ። እናንተ ለአዛዡ ትክክለኛውን ሰዓት ንገሩ፣ ካልተሳካም በሬዲዮ እንዴት እንደምትቀጥሉ አስረዱ። የዓመቱ ምዘናችሁ ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው።

ትምህርቱንም አታዘግዩ። ሻምበል ለመሆን የፎርት ጎርደኑን ኮርስ መጨረስ፣ ሻለቃ ለመሆን የሻምበሎችን ኮርስ፣ ለሌተና ኮሎኔልነት ደግሞ የአዛዥነትና የስታፍ ትምህርት ያስፈልጋል። ሻለቃና ከዚያ በላይ ሲደረስ ክፍት ቦታው ሌላ ስቴት ሊሆን ስለሚችል ለጉዞ ተዘጋጁ።

በመጨረሻም የጡረታ ነጥባችሁን ቁጠሩ። በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድ መገኘት በዓመት 48 ነጥብ ይሰጣል፤ የሁለት ሳምንቱ ልምምድ 14፣ አባልነቱ ብቻ 15፤ በድምሩ 77። ዓመቱ ለጡረታ የሚቆጠረው ቢያንስ 50 ሲሞላ ነው። እንዲህ ያሉ 20 ዓመታት ያሉት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ60 ዓመቱ ጡረታ ያገኛል። የነጥብ መግለጫው በየዓመቱ ሲወጣ አንብቡት፤ የጎደለ ቀን ካያችሁ ትእዛዙንና የክፍያ ወረቀቱን አያይዛችሁ በዚያው ዓመት አስተካክሉ። ከ15 ዓመት በኋላ የፈረመውን ሻምበል ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።