ካሜራው ማታ ማታ ለምን ይጠፋል? የኔትወርክ ገመድ ችግርና መፍትሄ

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ገመዱ በደንብ መሰካቱን ማየት፣ ወርሃዊ ክፍያው መከፈሉን ማረጋገጥ። እነዚህን አድርጋችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ ወይም ማንም በማይከፍተው ራክ (የኔትወርክ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ሳጥን) ውስጥ ነው ያለው።

ካሜራው ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል

ይህን ያላየ የካሜራ ገጣሚ ያለ አይመስለኝም። ቀን ላይ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ባለቤቱ አይቶ፣ ተደስቶ፣ ከፍሎ ሸኝቷል። ሲመሻሽ ግን የጓሮ በሩ ካሜራ ይጠፋል። ተመልሶ ይመጣል፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይሄዳል። ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቱ ካሜራውን ያስቀይራል፤ ያው ነው። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበትን መሣሪያ፣ ስዊቹን፣ ያስቀይራል፤ አሁንም ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲጨልም ካሜራው የኢንፍራሬድ መብራቶቹን ያበራል። ያኔ የሚፈልገው ኃይል ይጨምራል። ኃይሉ ደግሞ የሚመጣው በዚያው በኔትወርክ ገመዱ ነው፤ ፒኦኢ የምንለው ማለት ነው። ገመዱ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ስለማይበቃ ይጠፋል። እንደገና ሲነሳ መብራቶቹን ያበራል፣ እንደገና ይወድቃል። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚህ ሲል ያድራል።

ገመዱ ለምን ደከመ? አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ስላልሆነ ነው። ሲሲኤ የሚባል ገመድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ሽቦው ከላይ ስስ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። ካት 5ኢና ካት 6 የሚባሉት የኔትወርክ ገመድ ደረጃዎች ናቸው፤ ስታንዳርዱ ለሁለቱም የሚፈልገው ሙሉ መዳብ ነው። ስለዚህ ሲሲኤ ሽቦ ላይ «ካት 6» ብሎ መጻፍ ራሱ ውሸት ነው። ካርቶኑ ላይ ግን በደማቁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ሻጩም «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይምላል።

መለየት አይከብድም። ካርቶኑን አንሱት። 305 ሜትር ሙሉ መዳብ ደህና አድርጎ ይከብዳል፤ ሲሲኤ በአንድ እጅ ብድግ ይላል። ቀጥሎ አንዱን ሽቦ ልጣችሁ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ብርማ ከሆነ አትግዙ። ወዲያ ወዲህ ብታጥፉትም ቶሎ ቅንጥስ ይላል። ሻጩ «ፋቅ አድርጌ ልየው» ስትሉት ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል፤ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ገጣሚ ችግሩ የኃይል መሆኑ ገብቶታል። ግን ገመዱን ከመቀየር ከጥበቃ ቤቱ አምፖል መስመር ጠልፎ ለካሜራው አዳፕተር አስገብቶለታል፤ በፕላስተር ጠቅልሎ። እና ጥበቃው መብራት አጥፍቶ ጋደም ሲል ካሜራውም አብሮት ይተኛል! ባለቤቱ ጥበቃውን «ካሜራ ትነካለህ» ብሎ ሊያባርረው ነበር።

መፍትሄው ገመዱን በሙሉ መዳብ መቀየር ነው። ሌላ መንገድ እየፈለጋችሁ ገንዘብ አታባክኑ። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ጭራሽ የማይወጣ ከሆነ፣ መሐል ላይ ደህና መብራት ባለበት ቦታ አነስተኛ የፒኦኢ ስዊች አስገብታችሁ ርቀቱን አሳጥሩት። ለጊዜው ማስታገሻ ደግሞ ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ የኢንፍራሬዱን ብርሃን ቀንሱት። ማስታገሻ ነው ያልኩት፤ ለወራት እንዳትረሱት።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ሲሲኤ ላይ ፒኦኢ ስትጭኑ ገመዱ ይሞቃል፤ ብዙ ገመድ አንድ ላይ ከታሰረ ይብሳል። ከስዊች እስከ ካሜራ 100 ሜትር ጣሪያው ነው፤ ይህም በሙሉ መዳብ ነው። ውጭ የሚሄድ ገመድ የውጭ ገመድ ይሁን፤ የቤት ውስጡ ግራጫ ልባስ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይጠጣል። መገጣጠሚያውን ከካሜራው ጀርባ ዝም ብላችሁ አታንጠልጥሉት፤ ሳጥን አድርጉለት። የሳጥኑን ቀዳዳ ወደ ላይ አድርጎ የሚሰቅል ሰው አይቻለሁ። የዝናብ ማጠራቀሚያ ነው የሠራው።

ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 ያበራል፣ መስመሩ ግን አይሠራም

ይህ ደግሞ ሰው የሚያጣላ ችግር ነው። ገጣሚው ቴስተሩን (የገመድ መፈተሻውን) አሳይቶ «ይኸው ሁሉም በርቷል» ይላል። ደንበኛው ላፕቶፑን አሳይቶ «ይኸው አይሠራም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ርካሹ ቴስተር የሚያየው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። ጥንዶቹ ትክክል መሆናቸውን አያይም። ገመዱ ውስጥ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት አንዱ ጥንድ የሌላውን እንዳይረብሽ ነው። አርጄ 45 በሚባለው የገመዱ ጫፍ ፕለግ ላይ ደግሞ 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ጋር ነው ጥንድ የሚሆነው። አንዳንዱ ገጣሚ ይህን ሳያውቅ ቀለሞቹን በተርታ ይደረድራል፤ ብርቱካን ከነጩ፣ አረንጓዴ ከነጩ፣ ሰማያዊ ከነጩ፣ ቡኒ ከነጩ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቴስተሩ ያልፋል። ግን 3 እና 6 ከተለያየ ጥንድ መጥተዋል። አጭር ገመድ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ረዘም ሲል ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም ጨርሶ አይያዝም። አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ሙሉ ፎቁ እንዲህ ተገጥሞ አገኘሁት። ስዊቹ አጠገብ ያሉት ክፍሎች ሰላም ናቸው፣ የሩቆቹ ያለቅሳሉ። ሁሉም ሰው ስዊቹን ሲረግም ከርሟል።

ቢ የሚባለው ትክክለኛ የቀለም አደራረግ ይኸው፤ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። በሁለቱም ጫፍ ይኸው ይሁን። ጥምዝማዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱት። እጃችሁ እንዲመቸው ብላችሁ አራት ጣት ያህል ፈትታችሁ መልሳችሁ የምትገፉት ነገር ይቅር። የውጭው ልባስ ፕለጉ ውስጥ ገብቶ መነከስ አለበት። ሽቦዎቹ ውጭ ተራቁተው የሚታዩ ከሆነ ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት።

1 ጊጋ መሆን የሚገባው 100 ሜጋ ላይ ተቸንክሯል

የ100 ሜጋ ፍጥነት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎችን ብቻ ነው። ጊጋ ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት አንዱ ሲበጠስ ወይም በደንብ ሳይነከስ ሲቀር ወደ 100 ይወርዳል። አንዳንዱ ኮምፒውተር ደግሞ መውረዱንም አያውቅበትም፤ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ሁለቱንም ጫፍ እንደገና ሥሩ። ካልሆነ የግድግዳውን ሶኬት ክፈቱ፤ ቀለም ቀቢ ቀለም ሞልቶበት ይሆናል።

ራክ ውስጥ አንዱን ገመድ ስትነኩ ሌላው ይቋረጣል

ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ገመድ አንድ ወጥ ሽቦ ነው፤ በየቀኑ እንዲታጠፍ አልተሠራም። ፕለግ አስሮ ቀጥታ ስዊች ላይ መሰካት ርካሽ ይመስላል። ውሎ አድሮ ሽቦው ይሰበራል፣ የፕለጉ ምላስ ይነቀላል፣ ራኩም የፈሰሰ ፓስታ ይመስላል። ፓች ፓነል (የግድግዳው ገመዶች ተስተካክለው የሚታሰሩበት የሶኬት ሰሌዳ) ግዙ። ገመዶቹ እዚያ ላይ ፓንች በሚባለው መግፊያ መሣሪያ ይታሰሩ፤ ከዚያ ወደ ስዊች ፓች ኮርድ የሚባል አጭር ተሰኪ ገመድ ይሂድ። በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቃችሁ አትሰሩ፤ ሲጠብቅ ጥንዶቹን ይጨፈልቃል። የሚለጠፈው የጨርቅ ማሰሪያ ይሻላል።

በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ለጥፉ። ቁጥር ነው ያልኩት። «ሂሳብ ክፍል» ብሎ መጻፍ አይበጅም፤ ሂሳብ ክፍሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ይዛወራል። የሠራተኛ ስም መጻፍ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀች ልጅ ስም ላይ የተሰካው የማኔጀሩ ፕሪንተር መሆኑን ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ቢሮው ሁሉ ይጠፋል

ስዊቹ የተሰካበትን ዲቫይደር ተከተሉ። የቡና ምድጃው እዚያው ላይ ነው። ራክ የራሱ መስመርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ይኑረው፤ ምድጃ የለመደበት ዲቫይደር ደግሞ ሶኬቱ ስለሚላላ ወርውሩት።

ሌሎቹ ባጭሩ

የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ባንዴ እየተንቀጠቀጡ ኔትወርኩ ከሞተ፣ አንድ ሰው የፓች ኮርዱን ሁለቱንም ጫፍ ስዊች ላይ ሰክቷል። «ያገኘሁት ቀዳዳ ላይ ሰካሁት» ይላችኋል።

ግማሹ ሠራተኛ ኢንተርኔት አግኝቶ ግማሹ ካጣ፣ አንዱ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ጠረጴዛው ሥር ደብቋል። ሁለተኛው ራውተር አድራሻ እያደለ ነው። ንቀሉት፤ ካስፈለገ አድራሻ የሚያድለውን ክፍሉን፣ ዲኤችሲፒውን፣ አጥፉት።

የፋይበሩ መሣሪያ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ከቁም ሳጥን ጀርባ የታጠፈ ፋይበር ፈልጉ። አረንጓዴና ሰማያዊ ጫፍ አታገናኙ። ጫፉን በልብሳችሁ አትጥረጉ።

ዋይፋዩ ከበር አያልፍም? ራውተሩን ከብረት ሳጥኑ አውጡት።

በክረምት መብረቅ ሲመታ ሁሌ ያው የስዊች ፖርት የሚቃጠል ከሆነ፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ የመዳብ ገመድ አለ ማለት ነው። ፖርት እየቀያየራችሁ አትቀጥሉ፤ ያንን መስመር በፋይበር ተኩት።