ሁለት መሥሪያ ቤት ሲዋሃድ እባካችሁ ይህን አትሥሩ

ሰሞኑን ፒያሳ ሁለት ልጆች ቡና ጋብዘው ያዙኝ። የሚሠሩበት ድርጅት ከሌላ ጋር ሊዋሃድ ነው፤ እነሱ ደግሞ የሠራተኛ ኮሚቴ ሆነው ተመርጠዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ አልፈውበታል፤ ምን ይሻለናል?» አሉኝ። የሚሻለውን እንጃ። የማይሻለውን ግን አሳምሬ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ራሴ ሠርቼዋለሁ።

ስለ አሜሪካ አብራሪዎች ማውራት ስጀምር ተያዩ። አብራሪና የጎንደር መስመር ሹፌር ምን አገናኛቸው? ተራ ነዋ! መናኸሪያ ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል። አብራሪ የሚሰፍረው በአገልግሎት ቅደም ተከተል ዝርዝር ላይ ነው። ካፒቴን ማን ይሆናል፣ ትልቁን አውሮፕላን ማን ይይዛል፣ በዓልን ማን ቤቱ ይውላል፣ ሥራ ሲቀንስ ማን ቀድሞ ይወጣል፣ ሁሉንም የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ደሞዝም እሱን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ጭማሪ ላይ ብቻ ተከራክሮ ተራውን ለኋላ ማሳደር የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ሁለተኛው የኔ ነው። «ቀድሞ የተቀጠረ ይቅደም» አልኩ፤ አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ? ሁለት የትራንስፖርት ድርጅቶች ሲዋሃዱ የኛው ወገን የኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። የኛዎቹ የቆዩ ናቸው፤ የነሱ ወጣቶች። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን በቅጥር ቀን ደረደርኩት። እኔ ራሴ 4ኛ ወጣሁ። አጋጣሚ ነው ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ከዚያኛው ወገን አንድ ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገና፣ «ጋሼ፣ እኔ ነገ የምነዳው መኪና አለኝ። እርስዎ ያስቀደሙብኝ ሰውዬ መኪናው ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጎኔ የተቀመጡት አንድ አዛውንት ሹፌር ደግሞ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ከላስቲክ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። በእጥፋቱ በኩል ሊቀደድ ደርሷል። «ልጄ፣ ቀኑን ጮክ ብለህ አንብብለት» አሉኝ። አነበብኩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ለመሆኑ አሜሪካኖቹም የተጣሉት በዚችው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የተባሉ አየር መንገዶች ተዋሃዱ። የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች የቆዩ ነበሩ፤ ግን ኩባንያቸው ኪሳራ ላይ ወድቆ ብዙዎቹ ከሥራ ተቀንሰው ቤት ተቀምጠዋል። አሜሪካ ዌስቶች ወጣት ናቸው፤ ሥራ ግን አላቸው። ስላልተስማሙ ወደ ገላጋይ ዳኛ ሄዱ። ዳኛው በ2007 ፈረደ። 517 አንጋፋ የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎችን ከላይ አስቀመጠ። ቤት የተቀመጡትን ደግሞ፣ ከ15 ዓመት በፊት የተቀጠሩትን ሳይቀር፣ ትናንት ከመጡት ከአሜሪካ ዌስቶች ሥር አደረጋቸው።

ያማል። ገብቶኛል። ግን እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ዳኛ መርጠህ፣ ፍርዱን እቀበላለሁ ብለህ ፈርመህ፣ ሲፈረድብህ «ይሄማ ዳኛ አይደለም» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? በኛ አገር ሽማግሌ ፊት ቃሉን የሰጠ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ማን ለቅሶ ይደርሰዋል? በቁጥር የሚበልጡት የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች ግን አደረጉት። በ2008 በድምፅ ብልጫ የድሮውን ማኅበር አውርደው የራሳቸውን አቋቋሙ፤ አዲሱ ማኅበር የተነሳው ለቅጥር ቀን ነው። ከዚያ ክስ፣ ይግባኝ፣ እንደገና ክስ። እስኪ ዋጋውን እዩት፦ ዝርዝሩ ሥራ ላይ እንዳይውል የጋራ የሥራ ውል መፈረም የለበትም፤ ውል ካልተፈረመ ደግሞ በኪሳራው ጊዜ በተቆረጠው ደሞዝ መቀጠል ነው። ለዓመታት ቀጠሉ። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዩኒፎርም፣ ሁለት ደሞዝ። ተራዬን አላስነካም ብለው የገዛ እንጀራቸውን አሰሩት። ነገሩ የተቋጨው በ2013 ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ተዋህደው፣ አዲስ የገላጋይ ጉባኤ በ2016 ሌላ ዝርዝር ካወጣ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ውህደት 11 ዓመት! በዚህ መሐል ስንቱ ጡረታ ወጣ።

ዴልታና ኖርዝዌስት በ2008 ሲዋሃዱ ደግሞ የጋራ ውሉን ቀድመው ጨረሱ፣ ተራውን ለገላጋይ ሰጡ፣ ውሳኔው ዓመቱ ሳያልቅ መጣ። ያኮረፈ አልጠፋም። ግን አውሮፕላኑም ደሞዙም አልቆመም።

ትንሹን ወገን ከጠረጴዛው ማስወጣትም አለ። አሜሪካን አየር መንገድ በ2001 ቲደብሊውኤ የተባለውን አየር መንገድ ሲገዛ ብዙዎቹን የቲደብሊውኤ አብራሪዎች ከዝርዝሩ ግርጌ ለጠፋቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የቅነሳው ዱላ እነሱ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለው እንዳይደገም በ2007 ሕግ ወጣ። ለነሱ ግን ረፈደ።

አሁን ወደ ጡረታ። ልጆቹ እዚህ ላይ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ፤ ገና 30 አልሞላቸውማ። ጡረታን በእጅ እንደገባ ገንዘብ ቆጥሮ መደራደር ትልቅ ሞኝነት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። የዩኤስ ኤርዌይስ አብራሪዎች የጡረታ ፈንድ በ2003 ፈረሰ፣ የዩናይትድ በ2005፣ የዴልታ በ2006። የመንግሥት የጡረታ ዋስትና ድርጅት ተረከበው፤ ግን ለሚከፍለው ጣሪያ አለው። ጣሪያው ደግሞ በ65 ዓመት ለሚወጣ የተሰላ ነው፤ ቀድሞ ለሚወጣ ዝቅ ይላል። አብራሪን ያኔ ሕጉ በ60 ያስወጣው ነበር። አስቡት እንግዲህ።

እኛ ጋ ፈንዱ የድርጅቱ ስላልሆነ በዚህ እንሻላለን። ግን ጭማሪን በአበል መልክ አትቀበሉ! ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ መነሻ ደሞዝ ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይገባበትም። ያኔ አበሉን አጨብጭበን ተቀበልን። ያጨበጨቡት ሁሉ ዛሬ የጡረታ ቀን ባንክ ተሰልፈው ያማርራሉ።

ሥራ አስኪያጅ ሻይ ላይ የነገራችሁን ደግሞ እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት።

አንዱ ልጅ፣ «እሺ ነገ ከምን እንጀምር?» አለኝ። ከደሞዛችሁ የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ በእርግጥ ገቢ ተደርጎ እንደሆነ ከውህደቱ በፊት አጣሩ አልኩት። የኛዎቹን የ8 ወር ያልገባ መዋጮ ያገኘነው ከተዋሃድን በኋላ ነው። አዲሱ አሠሪ «የድሮውን ጠይቁ» አለ፤ የድሮው ቢሮ ሄድን፤ በሩ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።