የቶርኖዬ ማርሽ ጩኸት ዝም ያለው እንዲህ ነው

ቶርኖዬ፣ ብረት እያዞረ የሚቀርጸው ማሽኔ፣ ብሎን ላይ ጥርስ ላወጣ ባስነሳሁት ቁጥር ይጮህ ነበር። ጩኸቱ በግራ በኩል ክዳኑ ስር ካሉት ማርሾች ነው። እኔ ደግሞ በጮኸ ቁጥር የሞተር ዘይት አፈስበታለሁ። የድሬ ሙቀት ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ማርሹ ሲዞር ወርውሮ ሸሚዜ ላይ ይለጥፈዋል። ግራሶ በወፍራሙ ብቀባው ባሰ። አቧራና የብረት ፍቅፋቂ ሰብስቦ ሞረድ ሆነብኝ።

ከባቡሩ ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አይተው፣ «አቦ፣ ዶሮ ወጥ መሰለህ እንዴ? ምን ቅባት ታበዛበታለህ!» አሉኝ።

መብራቱን ከዋናው ማብሪያ አጠፋሁ። ማርሾቹን ፈትቼ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩ። ስመልሳቸው በሁለቱ ማርሾች ጥርሶች መካከል የደብተር ወረቀት አስገብቼ፣ አጠጋግቼ ብሎኑን አጠበቅኩ። ከዚያ በእጅ አዙሬ ወረቀቱን አወጣሁ። የሚቀረው ክፍተት ይበቃል። ለካ አብዛኛው ጩኸት ማርሾቹ ከልክ በላይ ስለተጣበቁ ነበር! ከዚያ ግራሶ በብሩሽ፣ በስሱ። የመሃለኛው ማርሽ የሚዞርበት ዘንግ ላይ ግን ሁለት ጠብታ ዘይት።

አሁን እየሠራሁ የጎረቤት ሻይ ቤት ሬዲዮ ይሰማኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ።