የፓትሮል ብስክሌተኞች በንግድ ትርኢት፦ ከአምራቹ ፊት ምን ይዞ መቅረብ ይሻላል

ብስክሌት የሚሠራ መሐንዲስ ምርቱ ቅዳሜና እሑድ ጫካ ውስጥ ሲነዳ ምን እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነው፤ ያው ብስክሌት ትጥቅና ጥይት መከላከያ የለበሰ ሰው ተሸክሞ በቀን ስምንት ሰዓት ከተማ ሲዞር፣ ደረጃ ሲወርድ፣ ተጠርጣሪ ሲያመልጥ ደግሞ አስፋልት ላይ ሲጣል ምኑ እንደሚሰበር። ይህን የሚያውቁት የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የጥበቃ ብስክሌተኞች ናቸው። ወደ ትርኢት ሲኬድ ዋናው ጓዝ ይኸው እውቀት ነው፤ በወረቀት ካልሰፈረ ግን ዳስ ውስጥ ለቆመው ሰው ተራ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የት መሄድ እንደሚሻል

በአሜሪካ ትልቁ የብስክሌት ንግድ ትርኢት የነበረው ኢንተርባይክ እ.ኤ.አ. በ2018 ሬኖ፣ ኔቫዳ ከተካሄደ በኋላ ቆሟል። ዛሬ ቦታው እንደ ጉዳዩ ይመረጣል። የዓለም አቀፉ የፖሊስ ማውንቴን ባይክ ማኅበር፣ በአጭሩ አይፒኤምቢኤ፣ ከዓመታዊ ጉባኤው ጋር የዕቃ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፤ እዚያ ዳስ የሚይዙት ቦርሳ፣ መብራት፣ ልብስና ብስክሌት ሻጮች የፓትሮል ሥራን ከሀ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ለጀማሪ ቡድን ይህ ይቀድማል። ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ የሚካሄደው ሲ ኦተር የተባለው የብስክሌት ፌስቲቫል ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ብዙ ብስክሌት በአንድ ቦታ ነድቶ ለማወዳደር ይመቻል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ጀርመን ፍራንክፈርት የገባው የዩሮባይክ ትርኢት ደግሞ ከብስክሌቱ በላይ የሞተር፣ የባትሪና የፍሬን አምራቾችን ለሚፈልግ ነው።

ለንግድ ሰዎች ብቻ በሚከፈቱ ቀናት መግቢያ ባጅ ማስረጃ ይጠየቅበታል። በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የወጣ ደብዳቤ ያዙ፤ “ጎብኚ” ሳይሆን “የብስክሌት ግዢ ገምጋሚ” የሚል ቃል ይኑርበት፣ ስንት ብስክሌት እንደምታስተዳድሩም ይግለጽ። ሽጉጥ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አዳራሹን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ደንብ ልብሱን ተዉትና የመሥሪያ ቤቱ ስም ያለበት ተራ ሸሚዝ ልበሱ፤ ደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ግማሹን ቀን የመጸዳጃ ቤት አቅጣጫ ሲያሳይ ይውላል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌታችሁን ለማሳየት በአውሮፕላን ልትወስዱ ካሰባችሁ ባትሪው ያግዳችኋል። የመንገደኛ አውሮፕላን ሊቲየም ባትሪን ያለ ፈቃድ እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160 ይቀበላል፤ የብስክሌት ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ 400 እና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ባትሪውን ለብቻው በየብስ፣ አደገኛ ጭነት በሚቀበል አጓጓዥ ቀደም ብላችሁ ላኩት።

የብልሽት መዝገብ

ከትርኢቱ በፊት ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት የጥገና ወረቀት ሰብስባችሁ በአንድ ገጽ አጠቃልሉት። እያንዳንዱ መስመር የብስክሌቱን ቁጥር፣ የተበላሸውን ክፍል፣ ሲበላሽ የነበረውን ክብደት፣ ምን እየተሠራ እንደነበርና የጥገናውን ወጪ ይያዝ። ለምሳሌ፦ “ብስክሌት 7፣ የኋላ ጎማ፣ ባለ 32 ሽቦ፣ ሦስት ሽቦ ተበጥሷል፤ ነጂና ዕቃ 118 ኪሎ፤ ደረጃ ሲወርድ።” ይህ መስመር ለመሐንዲሱ “ጎማው አይበረክትም” ከሚል ግማሽ ሰዓት ንግግር ይበልጥበታል። ባለ 36 ሽቦ ጎማ ይሻል እንደሆነ ወዲያው መወያየት ይጀምራል።

የተሰበረውን ዕቃ ራሱን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። የተሰነጠቀ የዕቃ መጫኛ እግር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሻጩ ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ መሐንዲሱን ይጠራል።

ቀጠሮውን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀድማችሁ ያዙ፤ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከሽያጭ ሠራተኛው ይልቅ የምርት ኃላፊውን ጠይቁ። በቀን ከስድስት ዳስ በላይ አትያዙ፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርሱ ማን ምን እንዳላችሁ ይምታታባችኋል። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ዕቃውን ስለሚጠቀልል ለቁም ነገር አይሆንም።

ዳስ ውስጥ

ከሁሉ በፊት ክብደት ይጠየቅ። ብዙ ማውንቴን ባይኮች የሚሸከሙት ጣሪያ 136 ኪሎ አካባቢ ነው። ጥያቄው ግን ቁጥሩ ብስክሌቱን ራሱን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ነው፤ መልሱ ከአምራች አምራች ይለያያል። አስሉት፦ ነጂ 90 ኪሎ፣ ቀበቶና መከላከያ 11፣ ቦርሳ 6፣ ብስክሌት 16፤ ድምሩ 123። በዚህ ላይ የአምቡላንስ ሠራተኛ ኦክስጅንና የልብ ማነቃቂያ መሣሪያ ቢጭን፣ ለፖሊሱ የበቃው ብስክሌት ለእሱ ላይበቃ ይችላል። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ 8 ወይም 10 ኪሎ ጨምሩ።

ቀጥሎ ማቆሚያው፣ ማለትም ብስክሌቱ ሲቆም የሚደገፍበት እግር፣ ይታይ። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ብዙ ግዢ አበላሽቷል። የፓትሮል ብስክሌት ማቆሚያ መሃል ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ ከመንኮራኩሩ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ ከባድ ቦርሳ የያዘ ብስክሌት በመሃል ማቆሚያ ወደ ኋላ ይወድቃልና። የኋላ ማቆሚያ ሁለት ብሎን ያለው ሲሆን በብሎኖቹ መካከል ያለው ርቀት 18 ወይም 40 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ብዙ ዘመናዊ ማውንቴን ባይኮች ደግሞ ቀዳዳው ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ ሜትር ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ጎንበስ ብላችሁ ቀዳዳውን ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። “ማቆሚያ ይገባለታል” የሚል መልስ አይበቃም፤ “የትኛው ማቆሚያ፣ በምን ብሎን?” በሉ። የኋላ መጫኛውም ያው ነው፦ ፍሬሙ ላይ የ5 ሚሊሜትር ብሎን የሚቀበሉ ባለጥርስ ቀዳዳዎች መኖራቸውን፣ የመጫኛው እግርም የዲስክ ፍሬኑን አካል አለመግፋቱን በዓይናችሁ እዩ።

የራሳችሁን ቦርሳ ይዛችሁ ግቡና ዳሱ ውስጥ ካለው ብስክሌት ላይ ግጠሙት። የሥራ ቦት ጫማችሁን አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ። ተረከዝ ቦርሳውን ከነካ ያ ፍሬም ከኋላ አጭር ነው፤ ሌላ ቦርሳ ወይም ሌላ ፍሬም ፈልጉ።

የኋላው ጎማ ድምፅም አይዘለል። ፔዳል መምታት ሲቆም ብዙ ብስክሌቶች “ትክ ትክ” ይላሉ፤ በጎማው ማዕከል ውስጥ ያሉት ትናንሽ ምላሶች ጥርስ ላይ ሲዘሉ የሚሰማ ነው። ለሌሊት ቅኝት ይህ ደወል እንደማንጠልጠል ነው። የብስክሌቱን ኋላ ከፍ አድርጋችሁ ጎማውን አሽከርክሩና ጆሮ ስጡ፤ አዳራሹ ስለሚጮኽ ጠጋ በሉ። ድምፅ አልባ የኋላ ማዕከል ካላቸው ዋጋውንና መለዋወጫው ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቁ።

ፍሬን ላይ፣ ለከባድ ነጂ ከፊት 180 ሚሊሜትር ዲስክ ከ160 ይሻላል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚፈጠረውን ሙቀት በተሻለ ይበትነዋል።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ሁለት ነገር በወረቀት ይምጣ፦ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ዩኤል 2849 በተባለው የደህንነት መስፈርት መመስከሩ፣ እና በአሜሪካ የትኛው ምድብ እንደሆነ። ምድብ 1 በፔዳል እስከ 32 ኪሎሜትር በሰዓት ያግዛል፤ ምድብ 2 ያለ ፔዳልም እስከዚያው ይሄዳል፤ ምድብ 3 በፔዳል እስከ 45። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ምስክር የሌለውን መሸጥ ከልክላለች፤ ሌሊት ጣቢያ ውስጥ አሥር ባትሪ የሚሞላ ቡድን ሕጉ ባይነካውም ይህን መስፈርት ቢይዝ ይበጀዋል።

የዋስትና ወረቀቱንም ወደ ኋላ ገልብጡት። በብዙዎቹ ጥቃቅን ጽሑፍ ውስጥ “ለንግድ ወይም ለኪራይ የዋለ አይሸፈንም” የሚል አለ። ፓትሮል በዚህ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ በኢሜይል ያረጋግጡላችሁ።

ሙከራ

የሙከራ መንገዱ ብዙውን ጊዜ ለስፖርተኛ የተሠራ ነው፤ ለእናንተ የሚሆነውን ራሳችሁ ሥሩት። በስድስት ትናንሽ ኮኖች 3 ሜትር በ3 ሜትር ቦታ ከልሉና እግር ሳታወርዱ ውስጡ ዙሩ። ከዚያ የመንገድ ጠርዝ ላይ ውጡ፤ በመጨረሻም በፍጥነት እየመጣችሁ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በጎኑ አስተኙት፤ አስቀድማችሁ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ እንጂ። ሁሉንም ብስክሌት አንድ ሰው ብቻ አይሞክር፤ ቢያንስ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ነጂ ይኑር።

ስጦታ፣ ጨረታ፣ የማይመች ጥያቄ

የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ ከአንድ ሰጪ በዓመት ከ50 ዶላር የበለጠ ስጦታ መቀበል አይችልም፤ ከተሞችና ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ለግል የሚሰጥ ቅናሽ ከመሥሪያ ቤቱ ዋጋ ጋር በአንድ ወሬ አይነሳ። የጨረታውን ዝርዝር መግለጫም አንድ ሻጭ አይጻፍላችሁ፤ ያንን ሰነድ ይዞ የሚወጣ ጨረታ በሌሎቹ አቤቱታ ሊሰረዝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በአሜሪካ የፖሊስን የኃይል እርምጃ በተቃወሙ ሰልፎች ወቅት የፉጂ ብስክሌት የሰሜን አሜሪካ አከፋፋይ ለፖሊስ መሸጡን ለጊዜው ማቆሙን አስታውቋል፤ ብስክሌቶች ሰልፈኛን ለመግፋት ውለዋል በሚል ነበር። ጥያቄው ዛሬም ዳስ ውስጥ ሊነሳ ይችላል። አትከራከሩ፤ መሥሪያ ቤታችሁ ብስክሌትን ሰልፍ ላይ ስለመጠቀም ያለውን ደንብ አውቃችሁ ሂዱና እሱን ተናገሩ።

ትንንሽ አምራቾች መንግሥት እንዴት እንደሚከፍል አያውቁም። በግዢ ትዕዛዝ እንደምትከፍሉ፣ ገንዘቡ ዕቃው ከገባ በኋላ በ30 ቀን ወይም ከዚያ ቆይቶ እንደሚደርስ፣ የበጀት ዓመታችሁም መቼ እንደሚጀምር እዚያው ንገሯቸው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በእነሱ አቆጣጠር ሐምሌ (ጁላይ) 1 ይጀምራሉ፤ ግንቦት ላይ የተሰጠ ዋጋ ነሐሴ ላይ ካልጸና ዋጋ የለውም።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ ገጽ ላኩ፦ ምን ለካችሁ፣ ምን ጎደለ፣ ማን ምን ቃል ገባ። ከዚያ ለ60 ቀን የሙከራ ብስክሌት ጠይቁ፤ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ማን እንደሚከፍል፣ መመለሻ ጭነቱም በማን እንደሆነ በፊርማ ይያዝ። ብስክሌቱን ስትመልሱ የብልሽት መዝገቡን ከመጫኛው ጋር አስራችሁ ላኩት።