የዶርም ጓደኛህ ሲጋራ እንዲያቆም እንዴት ትረዳዋለህ?

መጀመሪያ ምክርህን ዋጥ አድርገው። ሲጋራ እንደሚገድል ጓደኛህ ካንተ በላይ ያውቃል። ቤተሰብ ጋ ከመሄዱ በፊት ማስቲካ የሚያኝከው፣ ጣቱን በሎሚ የሚያሸው ሳያውቅ ነው እንዴ? እኔን ሦስተኛ ዓመት ላይ ያስቆመኝ የዶርም ልጅ ነው። አንድም ቀን ስለ ሳንባ አላወራኝም። ያደረገውን ልንገርህ።

እሱ ራሱ "ይሄን ነገር ልተወው ባክህ" ያለ ቀን ጀምር። ሳይል ብትጎትተው ተደብቆ ያጨሳል። (ሴት ጓደኛ ካለሽም ያው ነው፤ እሷ ግን መጀመሪያውኑ ተደብቃ ስለምታጨስ እንዳወቅሽ ለማንም አትንገሪ።)

ቀጥሎ ወረቀት ስጠው። ለሦስት ቀን እያንዳንዷን ፍሬ ይጻፍ፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር። ተማሪ ብዙውን ጊዜ ፓኬት አይገዛም፣ በፍሬ ነው የሚገዛው፣ ስለዚህ ስንት እንዳጨሰ አይቆጥርም፣ ፓኬቱ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያም አያየውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 በፍሬ መሸጥን ይከለክላል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። አራት ኪሎ ግን ሱቅ በደረቴው ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ደርድሮት ታገኘዋለህ። እኔ "በቀን ሦስት አራት ብቻ ነው" እል ነበር። ወረቀቱ ግን በሦስት ቀን 23 አለ። ዘጠኙ አጠገብ "በርጫ"፣ ሰባቱ አጠገብ "ማኪያቶ" ተጽፏል።

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ወረቀት ላይ ነው። በርጫውን ሳልነካ ሲጋራውን ብቻ አቆማለሁ ብሎ የተሳካለት ልጅ አላየሁም። ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ቦታ ውሰደው፣ ጃንሜዳ ኳስ ይሁን፣ ፊልም ይሁን፣ ብቻ ምርቃና የሌለበት ቦታ። ሺሻ ምትክ ነው የሚል ካለ አትስማው፣ ያውም ጭስ ነው፣ ያውም ኒኮቲን ነው።

ቡናው ደግሞ ለብቻው ጣጣ አለው። ሲጋራ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲያቆም ያው ሁለት ማኪያቶ ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ይቆያል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ እሱ ግን "ሐራራው ሊገለኝ ነው" ይላል። ቡናውን በግማሽ ይቀንስ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጣሪያ እያየሁ ነው ያነጋሁት።

የማቆሚያውን ቀን አብራችሁ ቁረጡ። ፋይናል ሳምንት አይሁን። ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው፣ ንጭንጩና ትኩረት ማጣቱ በሁለት ከፋ ሲል በአራት ሳምንት ይረግባል። ከዋዜማው ላይተሩን ይጣል፣ ጃኬቱንና ጋቢውን እጠቡ፤ ጭሱ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይጠራዋል።

ሐራራው ሲመጣ ደቂቃ ቁጠር። ሦስት፣ ቢበዛ አምስት። "ቻለው" ከምትለው ይዘኸው ውጣ። እኔና ጓደኛዬ ከስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ጋ ተነስተን ወደ አምስት ኪሎ ቁልቁል እንወርድ ነበር፣ በኪሳችን ቆሎ ይዘን፣ እሱ ስለ አርሰናል እየለፈለፈ። ብሔራዊ ሙዚየም በር ሳንደርስ ያልፍልኛል። ሱቅ በደረቴው ያለበትን ጥግ ግን መንገድ ተሻግረን ነው የምናልፈው።

ካልቻለ ፋርማሲ የኒኮቲን ማስቲካ ጠይቁ። 2 እና 4 ሚሊግራም አለ፤ ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ከሆነ 4ቱ ነው የሚሆነው። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ ብሎ አኝኮ፣ ሲያቃጥለው ጉንጩ ሥር ያቆየዋል። ከቡና ጋር ከሆነ በደንብ አይሠራም።

ይወድቅ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ይወድቃል። እኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ፍሬ አጨስኩ። ዶርም ስገባ ሸተተው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝ። "የት ጋ?" አለኝ። "ፒያሳ፣ ከሁለተኛው ቢራ በኋላ።" ከትራሱ ሥር ያቺን የተጨማደደች ወረቀት አወጣና ከማኪያቶ ሥር "ቢራ" ብሎ ጻፈ።