ስለ አራቱ ሻባቶች፦ ቤት ክኔሴት (ምኩራብ) ውስጥ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

እኔው ራሴ ካጠፋሁት ልጀምር። አንድ ዓመት ጋባያችን (የጸሎቱ አስተናባሪ) ታመመና ተካኝ አለኝ። ምን ይከብዳል ብዬ ገባሁበት። ሽካሊም በሚባለው ሻባት ጠዋት፣ ለተጨማሪው ንባብ የወጣው ሁለተኛው ቶራ (የኦሪት ጥቅልል) ሲከፈት ዘጸአት 30 ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ዘዳግም ሆኖ ቁጭ አለ። ከሲምሐት ቶራ በዓል ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ከዚያ ማንከባለል ተጀመረ፤ ብራናው ከባድ ነው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያዞራል፣ አንዱ አምድ አልፎ ሌላው ይመጣል፣ ሕዝቡ ቆሟል፣ ልጆች መሮጥ ጀምረዋል። አንድ አባት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ይሄ ትናንት አይሠራም ነበር?" አሉኝ። ምን ልበል?

ሕዝብ አስቁሞ ቶራ ማንከባለል ለጉባኤው ክብር ነፍጎ እንደማየት ነው፤ የሊቃውንቱ መጽሐፍ ታልሙዱም ይከለክለዋል። ሁለት ቶራ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ዓርብ ሻማ ከመብራቱ በፊት ሁለቱም ቦታቸው ላይ ይዙሩ። አምዱን በዓይን ማየት ነው እንጂ "አምና አዙረነው ነበር" አይሠራም።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ በፑሪም (የአስቴር በዓል)ና በፋሲካ ዙሪያ አራት ሻባቶች ላይ ከሳምንቱ ፓራሻ (የሳምንቱ የቶራ ክፍል) ሌላ አንድ ንባብ ይጨመራል። ሽካሊም ዘጸአት 30፣ ዛኾር ዘዳግም 25፣ ፓራ ዘኍልቍ 19፣ ሃሖዴሽ ዘጸአት 12። እዚህ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ስህተት ስም ያለው ሻባት ሁሉ ልዩ የቶራ ንባብ አለው ብሎ ማሰብ ነው። የለውም። ሻባት ሃጋዶል፣ ሻባት ሹቫ፣ ሻባት ሐዞን፣ እነዚህ የሚለዩት ከነቢያት በሚነበበው በሃፍታራው ነው። ሻባት ሺራ ደግሞ የዘወትሩ ፓራሻ ነው፤ የባሕሩ መዝሙር እዚያው ውስጥ ስላለ ነው ስም የወጣለት።

ሁለተኛው፣ አራቱ ሻባቶች ተከታትለው ይመጣሉ ብሎ መቁጠር። ብዙ ሰው ሽካሊምን ሰምቶ "በሚቀጥለው ሳምንት ዛኾር ነው" ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም፤ መሃል ላይ ተጨማሪ ንባብ የሌለው ባዶ ሻባት ይገባል። በ2026 ሽካሊም ፌብሩዋሪ 14 ነበር፣ 21 ባዶ ሆነ፣ ዛኾር 28 ላይ መጣ። በ2025 ግን ሽካሊምና ዛኾር ተከታትለው መጡና ባዶው ከፑሪም ማግስት ሆነ። የፑሪሙ ወር አዳር ዓርብ ከገባ እንዲያውም ሁለት ባዶ አለ። በፓራና በሃሖዴሽ መካከል ብቻ መቼም ክፍተት የለም። ይህን በቃል መያዝ አይጠበቅብህም፤ ሉዋሑን (የቀን መቁጠሪያውን) ግድግዳ ላይ ስቀልና እየው።

አንድ ወር ተጨምሮ ሁለት አዳር ባለበት ዓመት ደግሞ ሁሉም በሁለተኛው ነው የሚቆጠረው። በ2024 ሽካሊም ማርች 9 የዋለው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው አዳር ማንበብ ንባቡን ከፑሪምም ከፋሲካም ማላቀቅ ነው።

ሦስት ቶራ የሚወጣበት ቀን አለ፣ እዚያ ላይ ነው ጋባዮች ላብ በላብ የሚሆኑት። ሽካሊም ወይም ሃሖዴሽ ራሱ ሮሽ ሖዴሽ (የወር መባቻ) ላይ ሲውል ነው፣ ልክ ማርች 1 ቀን 2025 እንደሆነው። ሰው በልማድ ከመጀመሪያው ቶራ ሰባት ሰው ይጠራል። በዚህ ቀን ግን ከመጀመሪያው ስድስት ብቻ ነው፤ ሰባተኛው ከሁለተኛው የሮሽ ሖዴሹን ያነባል፣ ማፍቲሩ (መጨረሻ የሚጠራው) ከሦስተኛው። ሃፍታራውም የሮሽ ሖዴሹ ሳይሆን የሽካሊሙ ወይም የሃሖዴሹ ነው።

አሁን ወደ ዛኾር፣ ምክንያቱም ትልቁ እሱ ነው። አማሌቅ በመንገድ ያደረገብንን አስቡ፣ አትርሱ የሚለውን መስማት ከቶራ የመጣ ግዴታ ነው የሚሉ አሉ። የሕግ መጽሐፉ ሹልሐን አሩኽ ይህን ጠቅሶ ሚንያን (የአሥር ሰው ጉባኤ) የሌለው የገጠር ሰው እንኳ ሚንያን ወዳለበት ይምጣ ይላል። እና እኛ ምን እናደርጋለን? ያን ሰዓት ውጭ ቆመን እናወራለን። ሦስት ቁጥር ብቻ ናት፣ አንድ ደቂቃ አትሞላም፤ ቃል በቃል መሰማት አለባት፣ ሰሚውም ግዴታዬን ልወጣ ብሎ ማሰብ አለበት። ልጅ የያዘች እናት ካመለጣት ብዙ ቦታ ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ድጋሚ ይነበባል፣ ጠይቁ። ሙሉ በሙሉ ያመለጠው የፑሪም ጠዋቱ ንባብ ይበቃዋል ያሉ አሉ፣ አይበቃም ያሉም አሉ፤ ራቡን (የሃይማኖት መምህሩን) አናግር።

በነገራችን ላይ፣ አሽከናዞች (የአውሮፓ አይሁድ) ጋ ስትሄድ የዛኾር አንባቢው መጨረሻ ላይ አንዷን ቃል፣ "መታሰቢያ" የምትለውን፣ ሁለት ጊዜ ቢላት፣ "ዜኸር"ና "ዘኸር" እያለ፣ ተሳሳተ ብለህ አትጩህበት። አናባቢዋ ላይ ጥርጣሬ ስላለ ሁለቱንም ለመሸፈን ነው። እኔ ጮኬያለሁ።

የእኛ የኢትዮጵያ አይሁድ ወላጆች እነዚህን ሻባቶች ባያውቋቸው አይፈረድባቸውም። ቄሶቻችን ኦሪቱን በግዕዝ ነበር የሚያነቡት፣ ከሚጠቀለል ሳይሆን በመጽሐፍ መልክ ከተሰፋ ብራና። ጾመ አስቴር ነበረን፣ የፑሪም ግብዣ አልነበረንም። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ "ይሄ ሁለተኛው ለምን ወጣ?" ቢሉ መሳቅ ሳይሆን ማስረዳት ነው።

ሽካሊም ላይ ሳንቲም የሚያወጣም አይቻለሁ። ስለ ግማሽ ሰቅሉ ሲነበብ ሰምቶ ኪሱን ይዳብሳል። በሻባት ገንዘብ አይነካም! ቤተ መቅደሱ በነበረበት ዘመን በአዳር መባቻ ስለ ሰቅሉ ይታወጅ ስለነበር ነው ንባቡ የሚቀድመው። ዛሬ ለመታሰቢያ የሚሰጠው ገንዘብ በፑሪም ሰሞን መጊላው (መጽሐፈ አስቴር) ከመነበቡ በፊት ነው።

የመጨረሻው፣ ማፍቲርን ለትንሽ ልጅ መስጠት። ሌላ ጊዜ ያምራል፣ ቤተሰብም ደስ ይለዋል። በዛኾርና በፓራ ግን ባር ሚጽቫ (13 ዓመት) ላልደረሰ ልጅ የማይሰጡ ብዙ ናቸው። ልጁ ተለማምዶ፣ አያቱ ከሌላ ከተማ መጥተው፣ ከረሜላው ለውርወራ ተዘጋጅቶ ከሆነ ደግሞ በሻባት ጠዋት "አይሆንም" ማለት ጠብ ነው። ከወር በፊት ደውለህ ሌላ ሻባት ስጣቸው።