ሃያ ስድስቱን «አውቃለሁ» አትንኩ፤ የቢል ዊዘርስን ዘፈን ስትዘፍኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጋሼ፣ እዚህች ባዶ ቦታ ላይ ምን ልጨምርባት?»

ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ድምፁ የሚያምር፣ ልምምድ የማይሰለቸው ተማሪዬ ነው። የምናጠናው የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቢል ዊዘርስን «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» («ፀሐይ የለም» እንደማለት ነው) ነበር። እኔ ድምፃውያንን ማሠልጠን ከመጀመሬ በፊት በአዲስ አበባ ሆቴሎች የምሽት ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ስጫወት ኖሬአለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን እንደዚህ ዘፈን ደጋግሞ ሲበላሽ ያየሁት የለም። ጥቂት ኮርዶች ናቸው፣ ግጥሙ አጭር ነው፣ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ሁሉ «ይህንንስ አያቅተኝም» ብሎ ይነሳበታል። የልጁን ጥያቄ ስሰማ ግን ለእሱ ብቻ መልሼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ስህተት መግቢያ መጨመር ነው። በዋናው ቅጂ ላይ መግቢያ የሚባል ነገር የለም። የሰውየው ድምፅ ብቻውን ይነሳል፤ መሣሪያዎቹ ከኋላ ደርሰው ይቀበሉታል። ብቻውን ተቀምጦ ሲያስብ የቆየ ሰው ሐሳቡ ድንገት ከአፉ የወጣ ያህል ነው። የእኛ ባንዶች ግን ሳክስፎን ያስቀድማሉ፤ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት አድማጩ «አሁን የሚመጣው ያሳዝናል» ተብሎ ተነግሮት ያልቃል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ የመነሻውን ድምፅ ሳይሰሙ መነሳት ያስደነግጣል። መላ ግን አለው። ለቀደመው ዘፈን የሚጨበጨበው ጭብጨባ ሳይበርድ ቤዝ ተጫዋቹ የመነሻዋን ድምፅ አንድ ጊዜ በቀስታ ይንካላችሁ። እሷን በጆሯችሁ ይዛችሁ ቤቱ ጸጥ እስኪል ጠብቁ፤ ከዚያ ግቡ።

አሁን ወደዚያች «ባዶ» ወደተባለችው ቦታ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገሬ አይቀርም።

ዊዘርስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ስላብ ፎርክ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ መንተባተብ ያስቸግረው ነበር። በባሕር ኃይል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አገለገለ፤ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ሄዶ የአውሮፕላን መጸዳጃ በሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጠረ። ጊታር መያዝን ያስተማረው ሰው የለም፤ ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው። በ1971 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ሽፋን ላይ የምታዩት በሥራ ቦታው ደጃፍ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ቆሞ ነው። ይህ ሰው ስቱዲዮ ሲገባ አዘጋጁ ቡከር ቲ ጆንስ ነው፤ ድራም ላይ አል ጃክሰን፣ ቤዝ ላይ ዶናልድ ደክ ደን፣ ጊታር ላይ ስቲቨን ስቲልስ አሉ። በሙያው ስም ካላቸው ሰዎች መካከል አዲስ ገቢ እሱ ብቻ ነው። በዘፈኑ መካከል ገና ግጥም ያልጻፈላት ቦታ ነበረች፤ እዚያ ሲደርስ «አይ ኖው»፣ ማለትም «አውቃለሁ»፣ እያለ ይደጋግም ነበር። በኋላ ግጥም ሊያስገባባት አስቦ ሳለ ሙዚቀኞቹ «እንዳለች ተዋት» አሉት። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፣ እነዚህ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ ብሎ ተዋት። ሃያ ስድስት «አውቃለሁ» እንዳሉ ቀሩ።

እነዚያን ሃያ ስድስት ቃላት ሰዎች ምን እንደሚያደርጓቸው በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ «ሰው ይሰለቻል» ብሎ ስምንት ላይ ይቆርጣቸዋል። ሌላዋ እያንዳንዱን በተለየ ጌጥ እያንቆረቆረች ሃያ ስድስት የጉሮሮ ትርኢት ታደርጋቸዋለች። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ወደ ታዳሚው አዙሮ «አብራችሁኝ!» ሲል፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ተቀበለው። ያን ዕለት ከመድረኩ ወርጄ መሄድ አምሮኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሰው «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» የሚለው መቼ ነው? ወዳጁ «ተዋት፣ አትበጅህም» ብሎ ሲመክረው አይደለምን? ዊዘርስም እንዲሁ ነው። ቃላቱን ደርድሮ እንዳበቃ የሚናገረው ልጅቷን መተው እንደሚገባው ነው፤ ወዲያው ደግሞ እሷ ከሌለች ፀሐይ እንደሌለ ይነግረናል። ማወቁ ከደጇ አላስቀረውም። ሃያ ስድስቱ ቃላት ከራሱ ጋር የገጠመው ሙግት ናቸው፤ ሙግት ደግሞ በስምንት ቃል አያልቅም። መሣሪያዎቹም ይህን አውቀው ገለል ይላሉ፤ ከድምፁ ሥር የሚቀረው ድራሙ ነው። በዚያ መካከል በጣታችሁ አትቁጠሩ፤ ፊታችሁ ላይ ያስታውቃል። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ በአማርኛ አስለምዳቸዋለሁ። አንዱ ይመክራል፤ ሌላው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አውቃለሁ» ይላል፣ ሃያ ስድስት ጊዜ። አሥራ አምስት አካባቢ ሲደርሱ ድምፃቸው በራሱ ይለወጣል። ያን ለውጥ ይዘው ወደ ዜማው ይመለሳሉ።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ያህል፣ ዘፋኛችን እዚያች ቦታ በደረሰ ቁጥር በኦርጋን ድምፅ ጣቶቼን አሮጥባት ነበር፤ ሙያ መስሎኝ። ድራም የሚመታልን ሰው በዕድሜም በሥራም ታላቄ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ እንጨቶቹን አስቀምጦ ተነሳ፤ ሁለቱንም እጆቼን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጉልበቴ ላይ አኖራቸው። «አንተ ልጅ፣ ሰውየው እኮ እየተናገረ ነው» አለኝና ተመልሶ ተቀመጠ። ዘፈኑን እንደገና ስንጀምረው የእግር ከበሮውን ከቃላቱ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ሲመታ ነበር።

ዘፈኑን በተሳሳተ ታሪክ አታስተዋውቁ። «ሚስቱ ሞታበት የዘፈነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ማንም አልሞተም። ሐሳቡ የመጣለት ጃክ ሌመንና ሊ ሬሚክ በመጠጥ የተያዙ ባልና ሚስት ሆነው የተወኑበትን፣ በ1962 የወጣውን «ዴይስ ኦፍ ዋይን ኤንድ ሮዝስ» የተሰኘ ፊልም ካየ በኋላ ነው። እንደሚጎዳ የሚያውቁትን ነገር መናፈቅ ነው ነገሩ። የሞት ታሪክ ስትነግሩት አድማጩ ለቅሶ ይጠብቃል፤ «አውቃለሁ» የሚለውም ትርጉም ያጣበታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ማልቀስ ነው። ዊዘርስ አያለቅስም። ድምፁ ቀጥ ያለ፣ ለንግግር የቀረበ ነው፤ ሶል የሚባለውን የዘፈን ስልት ስም ሲሰሙ መጮህ የሚመስላቸው ልጆች እሱን ደጋግመው ያድምጡ።

ስለ ቅኝት የማነሳውን ጀማሪዎች ብዙም አያስተውሉትም። ሐዘን ያለበት ዘፈን ሲያገኙ የብዙዎቻችን ጉሮሮ ሳያስበው ወደ ትዝታ ማይነር ያደላል። ይህ ዜማ ግን በአብዛኛው የሚመላለሰው በብሉዝ ድምፆች ላይ ነው፤ ከእኛ ቅኝቶች የሚቀርበው ባቲ ማይነር ነው። በኤ ማይነር፣ ማለትም ኤ የተባለውን ድምፅ መነሻ አድርገን ብንወስደው፣ ትዝታ ማይነር ኤፍ የተባለውን ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ባቲ ማይነር ግን ጂ የተባለውን ነው የሚይዘው። ያቺ ኤፍ ሾልካ ስትገባ ዘፈኑ በአንድ ጊዜ ሌላ አገር ይገባል። ከመለማመዳችሁ በፊት ባቲ ማይነርን በቀስታ ወጣ ወረድ በሉበት፤ ጉሮሯችሁ መንገዱን ይይዛል። ትዝታን እንደምወደው የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

ኪቦርድ ተጫዋቾች፣ የቫዮሊኑን ድምፅ ከመጀመሪያው መስመር አታስገቡ። በዋናው ቅጂም ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ዋናው ቅጂ በተዘፈነበት መነሻ ድምፅ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ለድምፃችሁ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት።

ለፕሮግራም መዝጊያም አታስቀምጡት። መጀመሪያ ሲወጣም በሸክላው ፊት ላይ የነበረው «ሃርለም» የተባለው ዘፈኑ ነው፤ ይህኛው በጀርባው ነበር። የሬዲዮ ሰዎች ሸክላውን ገልብጠው አጫወቱት፤ በአሜሪካ የቢልቦርድ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፣ የግራሚ ሽልማትም አገኘ። እኔ የማስቀምጠው ሰው ጨፍሮ ወደ መቀመጫው በሚመለስበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መብራት አታብዙበት።

አጨራረሱንም አታግዝፉት። ዊዘርስ የመጨረሻዋን ሐረግ ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ይተዋታል፤ እናንተም ድምፃችሁን ወደ ላይ ሳትሰቅሉ ተዉአት። ጊታር ተጫዋቹ የመጨረሻውን ኮርድ ነክቶ እጁን ያንሳ፤ ድራም መቺውም ሲምባሉን በመዳፉ ይያዝ። ጭብጨባው ቢዘገይ አትደንግጡ፤ ባላችሁበት ቁሙ።